አንድ ብልቃጥ ለሦስት

ነርሷ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ሰጠችኝና «እማማ፣ መጸዳጃ ቤቱ በስተግራ ነው፤ እስከዚህች መስመር ከሞላ ይበቃል» አለችኝ። ትሑት ልጅ ናት፤ ምንም አላጠፋችም። እኔ ግን ኩባያዋን እንደያዝሁ ከቆምሁበት መነቃነቅ አቃተኝ። ሰሞኑን ውሃ ይጠማኛል። ከራስጌዬ የማስቀምጣት ጆግ ሳይነጋ ባዶዋን ትቀራለች። ለሌላ ሰው ቢሆን ይህ የሚያዝያ ሙቀት ነው፤ ባሕር ዳር ላይ በሚያዝያ የማይጠማው ማን አለ? ልጆቼም በስልክ ያሉኝ ይህንኑ ነው። እኔ ግን የእንስሳት ፊዚዮሎጂ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ጥማት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያወቅሁትም ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ከአልጋዬ ትይዩ ትተኛ ከነበረች ልጅ ነው። ሐኪሙ «መጀመሪያ ሽንትና ደም እንይ፤ አይጨነቁ» ሲለኝ፣ አይጨነቁ የምትለዋን ቃል ስሰማ ነው ጭራሽ የተጨነቅሁት።

አብራኝ የመጣችውን ወዳጄን ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጫት ነው የገባሁት። ኮሪደሩ አልኮልና በረኪና ይሸታል። ከሥሩ ግን ሌላ ሽታ ያለ መሰለኝ፤ አፍንጫ የሚቆነጥጥ፣ ዓይን የሚያስለቅስ፣ ኮሌጅ ሳለሁ እንቁራሪቶቻችን ይዘፈዘፉበት የነበረው የድሮው መድኃኒት ሽታ። ክሊኒኩ እንቁራሪት የለውም። ሽታው የመጣው ከራሴ ነው፤ ያ ሁሉ ዘመን የት ተቀምጦ እንደነበር እንጃ።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር በእግር የምታልቅ ከተማ ነበረች። ባጃጅ አይታወቅም፤ ሴቱም ወንዱም ብስክሌት ነው። የዘንባባዎቹ ጥላ አስፋልቱን ሸፍኖት ይውላል። በስሙኒ ሻይ ከነቦምቦሊኖው ይጠጣ ነበር። ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ በደንገል ክር ተሰክቶ ይሸጣል፤ ከዚያ የገዛ ሰው ዓሣውን እያንጠለጠለ መንገድ ለመንገድ ሲሄድ የከተማው ድመት ሁሉ ይከተለዋል። ወንዶቹ ከታች እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ለብሰው አፍሯቸውን እያበጠሩ፣ ሴቶቹ ተረከዙ ጡብ የሚያህል ጫማ አድርገው እየተንገዳገዱ ያልፋሉ። ከገበያው ማዕዘን አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ አንዱን የስንብት ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ እያመላለሰ ያስጮኸው ስለነበር፣ ፈተና ስናጠና ከመልሱ በፊት ዘፈኑ ነበር የሚመጣብን። ስብሰባ የሚበዛበት፣ ሰው ቃሉን እየመረጠ የሚናገርበት ጊዜም ነበር፤ እሱን ለሌሎች ልተወው። ዛሬ ያ ማዕዘን ፎቅ ተሠርቶበት ከሥሩ የስልክ ሽፋን ይሸጡበታል።

እኔ የመጣሁት ከመራዊ ወዲያ፣ ከቆጋ ዳር ነው። ዛሬ ቆጋ ሲባል ሰው የሚያስበው ግድቡን፣ ስንዴውንና ድንቹን ነው፤ ያኔ ከብት የምናጠጣበት ወንዝ ነበር። ከአካባቢያችን ሴት ልጅ ኮሌጅ ስትገባ እኔ የመጀመሪያዋ ስለነበርሁ፣ ተባርሬ ብመለስ የሚጠብቀኝ ደብተር ሳይሆን ባል ነበር። ስለዚህ ሁሉን እፈራ ነበር። የመኪና ጥሩንባ፣ ማንኪያና ሹካ፣ መዝጋቢውን፣ ስሜ ሲጠራ የሚዞረውን ፊት ሁሉ እፈራ ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን የእንስሳት ፊዚዮሎጂ መምህራችን ነበሩ። ተማሪው በስማቸው አይጠራቸውም፤ «ነርቩ» ነው የሚላቸው። ግማሹ ስለ ነርቭ ሲያስተምሩ ማቆም ስለማይሆንላቸው ነው፤ ግማሹ ደግሞ የራሳቸው ነርቭ ቆዳቸው ላይ የተቀመጠ ስለሚመስል። ጠመኔ ሲሰበርባቸው እንኳ ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል።

በክፍሉ ውስጥ ሴቶች ሦስት ብቻ ነበርን፤ የምንተኛውም አንድ ክፍል ነው። አንዷ ገነት ናት። አባቷ ከናዝሬት ተዛውረው እዚህ ፋብሪካ በሒሳብ ሠራተኝነት የሚሠሩ፣ የደመወዝ ቤት ልጅ ናት፤ ሽቶና የእጅ ሰዓት ነበራት። ሌላዋ ሰዓዳ ናት። ሰዓዳ ከሐይቁ ማዶ፣ የቁንዝላ ልጅ ነች፤ አባቷ ጋሽ እድሪስ ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። እኔ የምፈራውን ሁሉ ሰዓዳ አትፈራም። ለሙከራ እንቁራሪት አምጡ በተባልን ጊዜ ወንዶቹ እንኳ በእንጨት ሲያባርሩ፣ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ደንገሉ መሃል ገብታ በባዶ እጇ እየለቀመች አወጣቻቸው። «ይች ምን ታደርግሽ ብለሽ ነው የሺ? ጥርስ የላት!» ብላ አንዷን ወደኔ ብትዘረጋት ጮኼ ሮጥሁ። በማግስቱ ነርቩ የእንቁራሪቷን ልብ አውጥተው በጨው ውሃ ሳህን ላይ አኖሩት። ልቡ ለብቻው፣ ባለቤት ሳይኖረው ይመታል። «አካል ሲሞት ሁሉም ነገር አብሮ በአንድ ጊዜ አይሞትም» አሉ። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። የገዛ ልቤን እያዳመጥሁ ዋልሁ።

ግን ከእንቁራሪቷ ይልቅ የውሻው ታሪክ ነበር ያስፈራኝ። ስለ ቆሽት ሲያስተምሩን ነው የነገሩን። ድሮ ሊቃውንት ከአንድ ውሻ ቆሽቱን ቆርጠው ያወጣሉ። ቁስሉ ይድናል፣ ውሻው ይበላል፣ ጅራቱን ይቆላል። ከዚያ ግን ውሃ፣ ውሃ፣ አሁንም ውሃ ይላል። ይሸናል፤ ሽንቱ ላይ ዝንብ ይሰፍራል፣ ስኳር አለበትና። እየበላ ይከሳል። ከኋላ አንድ ተማሪ «መምህር፣ በመጨረሻ ውሻው ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። «ሞተ እንጂ ምን ይሆናል!» አሉ ነርቩ፣ ሰሌዳውን እየጠረጉ።

ይህን በሰማን ሰሞን እኮ ሰዓዳ ውሃ ጠጥታ አትጠግብም ነበር። እንዲህ ሲሆን ማሰብ የነበረብን ሦስታችን ነበርን፤ ማንም አላሰበም። ውሻ ውሻ ነው፣ ሰዓዳ ሰዓዳ ናት። በጣሳ ቀድታ ቆማ ትጠጣለች፤ ሌላ ትቀዳለች። «አንቺ ልጅ፣ ጣናን ጨርሰሽ አባትሽን ሥራ ልታስፈቻቸው ነው!» እያልን እንስቅባታለን። እሷም ትስቃለች። ጧት ማታ ወደ መጸዳጃ ቤት ትመላለሳለች፤ በዚያም እንስቃለን። ቀሚሷ ሲሰፋት ገነት በመርፌ አጠበበችላትና «ወገብሽ እንደ ሞዴል ሆነ፤ ምን እየበላሽ ነው?» ብላ ቀናችባት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነት ነው።

ኩላሊት ላይ ስንደርስ ነርቩ ትእዛዝ ሰጡ። ነገ ጧት እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ሽንት በብልቃጥ ይዞ ይመጣል፤ ስኳር መኖር አለመኖሩን በገዛ ሽንታችን እንፈትሻለን። ወንዶቹ ሳቁ። እኛ ሦስታችን አቀረቀርን። ዛሬ ለልጅ ልጆቼ ይህን ብነግራቸው አይገባቸውም። ያኔ አንዲት ሴት ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ እንኳ የሄደች እንዳይመስልባት ዞር ዞር ብላ ነው የምትገባው። ሽንትን በብልቃጥ ይዞ፣ ወንዶቹ ተደርድረው ሻይ በሚጠጡበት በር አልፎ፣ ስም ጽፎ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ከሞት አይተናነስም ነበር። ገነት አልጋዋ ላይ ተደፍታ «እኔ አልሄድም፤ ዜሮ ይስጡኝ» አለች። እኔ ዜሮም ፈራሁ፣ መሄዱንም ፈራሁ።

ሰዓዳ አየችንና «በቃ፣ እኔ ለሦስታችንም እይዛለሁ» አለች። «እኔ እንደሁ ዘላለም ይመጣብኛል። አንድ ብልቃጥ እሞላለሁ፤ እዚያው ደርሰን ለሦስት እናካፍለዋለን። የሰው ሽንት ምን ልዩነት አለው?»

ገነት ተነሥታ ሳመቻት። እኔም እፎይ ብዬ ተኛሁ። በነጋታው ሰዓዳ የሳል ሽሮፕ ብልቃጥ አጥባ፣ ሞልታ፣ በሻሽ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከሻይ ቤቱ በር ስንደርስ አንዱ «ቦርሳሽን ልያዝልሽ ሰዓዳ?» ቢላት «ይከብድሃል!» ብላው አለፈች፤ ሳቅ ሊገድለን ደረሰ። ከላብራቶሪው መታጠቢያ ጓዳ ገብተን ለሦስት የመስተዋት ቱቦዎች አከፋፈልነው፤ በየስማችን ምልክት አደረግንበት።

ሙከራው ቀላል ነበር። ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ ከሽንቱ ጥቂት ጠብታ ይጨመርበትና በአልኮል ኩራዝ ላይ ይሞቃል። ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ካለ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከበዛ ደግሞ እንደ ሸክላ ይቀላል። ወንዶቹ አሞቁ፤ ሁሉም ሰማያዊ። እየተቀላለዱ ነው። እኔም ቱቦዬን ይዤ ከእሳቱ በላይ አወዛወዝሁ። አረንጓዴ ሆነ። ዓይኔ ይሆን የሚሳሳተው ብዬ ወደ መስኮቱ ዞር አድርጌ አየሁት። ቢጫ ሆነ። ከዚያ ከሥሩ እየደፈረሰ መጣና ቀላ፤ ሸክላ የመሰለ ቀይ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ልሞት ነው» የሚል ነበር። ለአፍታ፣ የኔ ሽንት እንዳልሆነ እንኳ ረስቼ ነበር። ከዚያ ወደ ጎን ሳይ የገነትም ቀልቷል። የሰዓዳም ቀልቷል። ሦስት ቀይ ቱቦዎች በዚያ ሁሉ ሰማያዊ መሃል።

አንዱ ወንድ «መምህር፣ ሴቶቹ ማር ናቸው!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ነርቩ ግን አልሳቁም። መጡ፣ አዩ፣ ፊታቸው ከቱቦዎቹ ይብስ ቀላ። «ስኳር ጨምራችኋል! በኔ ላብራቶሪ፣ በኔ ላይ ትቀልዳላችሁ! ሦስታችሁም ዛሬውኑ ጓዛችሁን ትሸክፋላችሁ፤ ለጽሕፈት ቤቱ አስተላልፋችኋለሁ!» ያን ጊዜ ለጽሕፈት ቤት መተላለፍ ቀልድ አልነበረም። ቆጋ በዓይኔ መጣ፣ አባቴ መጡ። ግን እውነት እላለሁ፣ ከዚያ በላይ የፈራሁት ሌላ ነበር። ውሻው መጣብኝ። ጣሳው፣ ቀሚሱ፣ መመላለሱ፣ ሳቃችን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ብናገር የሷን ሕመም በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት መግለጥ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ማንም ሳያውቅላት ልትቀር ነው። ገነት ማልቀስ ጀምራለች።

ሰዓዳ ከቦታዋ ተነሣች። እንቁራሪት የምትለቅመው ልጅ፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። «መምህር፣ አይቆጧቸው» አለች። «ሦስቱም የኔ ነው።»

ሳቁ አልቆመም ነበር፤ ቀስ እያለ ቆመ። ነርቩ «ምን ማለትሽ ነው?» አሉ።

«ሽንቱ የኔ ነው። እነሱ አፈሩ፤ እኔ ሞላሁላቸው። ስኳር አልጨመርንም።»

ነርቩ ወደ ቱቦዎቹ አዩ፤ ወደ እሷ አዩ፤ የሰፋትን ሰደርያዋን፣ የጎደጎደ ጉንጯን አዩ። አጠገባቸው የነበረውን በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ቁጣቸው የት እንደሄደ እንጃ፤ እኒያ ሰውዬ ፈርተው ያየኋቸው ያን ቀን ነው። «ውሃ ይጠማሻል ልጄ?» አሉ በቀስታ። ልጄ ብለው ማንንም ጠርተው አያውቁም ነበር።

«በጣም» አለች ሰዓዳ።

ወደ ሆስፒታል የወሰዱን በኮሌጁ ላንድሮቨር ነው። ከኋላ እኔና ሰዓዳ ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ እጄን ይዛኛለች። በካሴት ቤቱ ማዕዘን ስናልፍ ያ የስንብት ዘፈን ይጮኻል። «የሺ» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች፣ «ውሻው ስንት ቀን ኖረ?»

«ውሻው መድኃኒት አልነበረውም» አልኋት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እኔም አላመንሁትም።

መድኃኒቱ ኢንሱሊን ነው፤ በየቀኑ በመርፌ ይወጋል፤ ብርድ ቦታ ካልተቀመጠ ይበላሻል። ወሬው በሐይቁ ተሻግሮ ደረሰና ጋሽ እድሪስ በሚቀጥለው ጀልባ መጡ። ያች ጀልባ በደቅ ደሴት በኩል አድርጋ ቁንዝላ የምትደርሰው በስንት ጊዜ አንዴ ነበር፤ እሳቸው በዚያችው ጀልባ ልጃቸውን ይዘው ሊመለሱ ቆርጠዋል። ነርቩ፣ ሰዓዳና እኔ ወደቡ ላይ ቆመናል፤ ሰዎች ጆንያና ዶሮ ይጭናሉ፤ ጀልባው ይጮኻል።

«ከናቷ ቤት ትረፍ» አሉ ጋሽ እድሪስ። «ቢፈረድባትም ከወገኗ መሃል ይሁን። ባዕድ አገር ልጄን አፈር ላልብስ?»

«ጋሽ እድሪስ፣ መድኃኒቱ ብርድ ይሻል» አሉ ነርቩ። «ቁንዝላ ማቀዝቀዣ አለ?»

«እኛ ያለን ጣና ነው።»

«ጣና አይበቃውም።»

ሰዓዳ አባቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። «አባቴ፣ ከሄድሁ እሞታለሁ። የታመመው ቆሽቴ ነው፤ ተምሬዋለሁ፣ አውቀዋለሁ።»

«ቆሽትሽ!» አሉ እንባቸው እየመጣ። «የሚያረው የኔ አይደለም ወይ?» ከዚያ ወደ ሰማይ አዩ። ጀልባው ደግሞ ጮኸ። «እሽ፤ እዚህስ ማን አላት? ማን ይወጋታል? ማንስ ያይልኛል?»

ነርቩ መድኃኒቱን ከላብራቶሪው ማቀዝቀዣ እንደሚያስቀምጡላት ተናገሩ። የመውጋቱ ነገር ግን ቀረ። እኔ መርፌ ሳይ የምወድቅ ሰው ነኝ። የእንቁራሪት እግር መያዝ የማልችል ሰው ነኝ። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ «እኔ አለሁ ጋሽ እድሪስ» ያልሁት እኔ ነበርሁ።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የቆጋ ነኝ።»

«ክርስቲያን ነሽ?»

«አዎ ጋሽ እድሪስ።»

«እንግዲህ ላላህና ላንቺ ሰጥቻታለሁ። ብትሞት አንቺን አልከስም። ብትድን ሁለት ልጆች አሉኝ። የሰማይ የምድር አደራ!» ብለው ጀልባው ላይ ወጡ፤ ዞረው አላዩንም።

አደራ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ሰው የሚያውቀው ሲቀበለው ነው። መጀመሪያ በብርቱካን ተለማመድሁ፤ ከዚያ በሷ ክንድ። እሷ «ወግተሽ ጨርሽ እንጂ፣ ምን ትጸልይብኛለሽ!» እያለች ትስቅብኛለች፤ እኔ ግን ልቤ እንደዚያች እንቁራሪት ልብ ለብቻው ይመታል። የመስተዋቱን ስሪንጅ በየቀኑ እንቀቅላለን። መድኃኒቷ ላብራቶሪው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከእንቁራሪቶቹ ማሰሮ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ነርቩ የክፍላቸውን ቁልፍ ሰጥተውን ነበር። መድኃኒቱ ሲበዛባት ደግሞ ስኳሯ ይወርድና በላብ ትጠመቃለች፤ ቃል ይጠፋባታል። ለዚያ ብዬ በጋዜጣ የጠቀለልሁት ስኳር ከኪሴ አይለይም ነበር። በስብሰባ መሃል፣ በፈተና መሃል፣ በመንገድ ላይ ዓይኔ ከግንባሯ አይነቀልም፤ ወዛ እንደሆነ ስኳሬን አወጣለሁ። ጋሽ እድሪስ እስኪሞቱ ድረስ በጀልባው ቆሮሶ ይልኩ ነበር፤ «ለሁለቱ ልጆቼ» ተብሎ። ገነት አግብታ ሩቅ ሄደች፤ እኛ ተመርቀን እዚሁ አካባቢ አስተማርን፣ አገባን፣ ወለድን፣ አረጀን። ኪሴ ውስጥ ስኳር ሳይኖር ከቤት የወጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሐይቁ ዳር ያለው ደንገል ሳሳ፤ ያ ወደብ ዛሬ የጭማቂ ቤትና የፎቶ አንሺዎች ሆኗል፤ መንገዱም አንዳንድ ቀን ያስኬዳል፣ አንዳንድ ቀን አያስኬድም። ፍርሃቴ ግን እንደነበረ አለ። ለሷ ስፈራ፣ ለራሴ መፍራት ረስቼ ነው የኖርሁት። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ ዞሮ በኔ የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር።

ኩባያዋን እንደያዝሁ ወደ ደጅ ተመለስሁ። ሰዓዳ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ያስቀመጥኋት ቦታ፣ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣለች። ስኳሩ ዓይኗን ወስዶታል፤ አሁን ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የምትለየው። እኔን ግን በኮቴዬ ታውቀኛለች።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«አልጨረስሁም። ኩባያ ሰጡኝ። ሽንት ነው የሚሉኝ።» ፊት ለፊቷ ቆምሁ። «ሰዓዳ፣ ፈራሁ። በጣም ነው የፈራሁ።»

እጇን ዘረጋች፤ አየሩን ዳሰሰች፣ ክንዴን አገኘች፣ በክንዴ ወርዳ ኩባያዋን ያዘቻት። ክዳኗን፣ አፏን፣ ቂጧን በጣቷ እያየች አገላበጠቻት።

«ትንሽ ናት» አለች። «አምጭ፣ ልሙላልሽ?»

እዚያ ደጅ ላይ፣ ሕመምተኛ ሁሉ እያየን፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ያን ጊዜ ከሻይ ቤቱ በር እንዳለፍን እንደሳቅነው ሳቅ። ፍርሃቴ ግን አልሄደም፤ ከሳቁ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ኩባያዋን ከእጇ ቀስ ብዬ ወሰድሁ።

«ተይው» አልኋት። «ይች የኔ ናት።»

በስተግራ ወዳለው በር ሄድሁ።